የአባባ የምስጋና ዝርዝር

ታኅሣሥ 27

ዛሬም «እማዬ፣ እንዴት አደርሽ?» አልኳት። «አለሁ» አለች። አለሁ ብቻ። አባባ በነሐሴ ካረፈ ወዲህ «እግዚአብሔር ይመስገን» የሚለው ከአፏ ጠፍቷል። ድሮ መብራት ጠፍቶ በሙቀት ስንቀቀል እንኳ ተመስገን የምትል ሴት ነበረች። ከቤትም አትወጣም።

ለገና ምን ልግዛ ብላት «የምን ገና?» አለችኝ።

አባባ በየገናው ዳቦው ሳይቆረስ በፊት ቆሞ ያመሰግን ነበር። የሚጀምረው አያቴን ወደዚህ ከተማ ካመጣው ባቡር ነው፤ እኛ ዘንድ እስኪደርስ ወጡ ይቀዘቅዛል። ጅቡቲ ውስጥ ወጥ ማቀዝቀዝ ቀላል ችሎታ አይደለም። በመጨረሻ ማራገቢያውን አመስግኖ ይቀመጣል።

ዘንድሮ ቢላዋው የእኔ ነው። የበኩር ልጅ ነኝ። ብዙ አነባለሁ፣ ጥቂት እጸልያለሁ።

ታኅሣሥ 28

እህቴ ሮማን ከሃያብለ ሰፈር የሁለት ወር ልጇን አዝላ፣ ዱቄት ይዛ መጣች። አባባ ያላየው የልጅ ልጅ።

«ለማን ነው የምትጋግሪው?» አለቻት እማዬ።

«ለሚበላ።»

ማቡካት ጀመረች። እማዬ በር ላይ ቆማ ትንሽ አየቻት። «ይኼ ሊጥ ነው የግድግዳ ጭቃ? ልጅሽን ያዢና ዞር በዪ።» እጅጌዋን ሰበሰበች። ማታ ሽንኩርት ስትከትፍ አገኘኋት። ሮማን ሊጡን ሆን ብላ ማበላሸቷን እስካሁን አላመነችም።

እኔ ዝርዝር ጻፍኩ። አንድ፣ ባቡሩ። ሁለት፣ ሕፃኑ። ሦስተኛው ላይ ብዕሬን አስቀመጥኩ።

ታኅሣሥ 29፣ ገና

ቆምኩ። ባቡሩን በደህና አሳለፍኩ። ሕፃኑ ጋ ስደርስ «አባባ ቢያየው» ብዬ ቀሪውን ተውኩት። ያኔውኑ መብራት ጠፋ፣ ማራገቢያው ቆመ። መግቢያ ሳጣ ዳቦውን ቆርሼ ጎረስኩ።

«የሐሊማስ?» አለች እማዬ።

ረስቼው። ሐሊማ ታች ቤት ያለችው ጎረቤታችን ናት። አባባ ሠላሳ ዓመት ሙሉ የመጀመሪያውን ቁራሽ ለእሷ ሳያደርስ እኛን አያቀምሰንም ነበር። እሷም በኢዷ የእኛን ታስቀድማለች።

ልወስድ ስነሳ እማዬ ቢላዋውን ቀማችኝ። ትልቁን ቁራሽ ቆረጠች፣ ነጠላዋን ደረበች፣ ደረጃውን ወረደች። ከነሐሴ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ። እኔና ሮማን ከላይ ሆነን እንደ ሌባ አዳመጥን።

«ዘንድሮ የለም ብዬ ነበር እኮ፣ እህቴ» አለች ሐሊማ።

«እሱ ይቆጣኛላ።»

ሲያለቅሱ ይሰማል። ቆይታ ሐሊማ አፍንጫዋን እየጠረገች፣ «ባቡሩን ዛሬ ማን ነዳው?» አለች።

«ልጁ። መንገድ ላይ ተበላሸበት።»

ሳቁ። በእኔ ነው የሳቁት፤ ግድ የለም። እማዬ አንድ ሰዓት ቆየች። ወጡ ቀዘቀዘ።

ታኅሣሥ 30

«እማዬ፣ እንዴት አደርሽ?»

«አለሁ።»

ጀርባዋን ሰጥታኝ ወደ ጓዳ እየገባች፣ «ተመስገን» ጨመረች። ትናንት የጠፋው መብራት ልክ ያኔ መጥቶ ማራገቢያው መዞር ጀምሮ ነበር። ተመስገን ያለችው ለመብራቱ ይሁን ለሌላ አልጠየቅኳትም።