ከጭስ መውጫው የሚሰማው ድምፅ

ይድረስ ለእናቴ ለወ/ሮ ሙሉመቤት፤ ደሴ።

እማዬ፣ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ እንዴት አድርጎሻል? ጾሙ አልበረታብሽም? ብትታመሚም ደህና ነኝ እንደምትዪኝ አውቃለሁ፤ ቢሆንም ሳልጠይቅ ባልፍ ትቀየሚኛለሽ። ጉንፋኑስ ለቀቀሽ? እህቴ ሮሃ ደህና ናት? ኪሩቤልስ ትምህርቱን ያጠናል ወይስ እንደ እኔ እንደ አጎቱ ልብ ወለድ እያነበበ ከትምህርት ይሸሻል? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ለክፉ የሚሰጠኝ ነገር የለም። የወንድምሽ ባለቤት እትዬ ለተገብርኤልም ደህና ናቸው። ይህን የምጽፍልሽም ደህና እንደሆኑ እንዲቆዩ ብዬ ነው።

በስልክ ያልነገርኩሽ ወድጄ አይደለም። አንቺ በደወልሽ ቁጥር እትዬ ለተ ስልኬን ይነጥቁኝና ድምፁን ለቤቱ ሁሉ ይለቁታል፤ ስለ እሳቸው ከእሳቸው ተደብቆ ማውራት በዚህ ቤት አልተቻለም። ስለዚህ የሰንበት ትምህርት ቤታችን ልጅ ያኤል ሐሙስ ወደ አገር ቤት ስለምትበር በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ። ብቻሽን ሆነሽ አንብቢው።

ነገሩ የጋሼ አስቻለው ጭስ መውጫ ነው። ወንድምሽ ይህን የሩንዳ ቤት ሲገዙ ምድጃ እንዳልነበረው ታስታውሻለሽ። የናይሮቢ የሐምሌ ብርድ አጥንት ይሰብራል ብለው፣ ከእንግሊዝኛ መጽሐፍ አንብበው፣ ምድጃውንም ጭስ መውጫውንም በእጃቸው ገነቡት። ዕድሜያቸውን በአስተርጓሚነት የኖሩ ሰው ናቸው፤ ጡቡም እንደ ቋንቋ ይገባኛል ብለው ሳያስቡ አልቀሩም። መጽሐፉ ዛሬም መደርደሪያው ላይ አለ። እሳት ስለማንደድ የሚያወራው ክፍል ከመነበብ ብዛት ገጹ ተገንጥሏል፤ ስለ ዝናብ የሚያወራው ክፍል ግን ዛሬ ከሱቅ የመጣ ይመስላል። በዚህ የተነሳ ጭስ መውጫው አናቱ ላይ ቆብ የለውም። ዝናብ ሲዘንብ ቀጥ ብሎ ይገባል፤ ማንንም አያስፈቅድም።

መጀመሪያ የመጣው ሽታው ነው። ዝናብ ባደረ ቁጥር ሳሎኑ እርጥብ አመድ ይሸታል። ቀጥሎ ግድግዳው ላይ ነጭ ዱቄት ወጣ፤ ውሃው ከጡቡ ውስጥ አጥቦ ያመጣው ጨው ነው። እትዬ ለተ አቧራ መስሏቸው ጠዋት ጠዋት በጨርቅ ይጠርጉታል፤ ማታ ተመልሶ ይመጣል። ከዚያ የምድጃው የብረት መዝጊያ ዝጎ አልላወስ አለ፤ ቀለሙም እንደተቃጠለ ቆዳ ውሃ ቋጠረ።

ስለ ቀለሙ ደግሞ አንቺም እጅሽ አለበት፤ አትቆጪኝ። ሙት ዓመታቸው በደረሰ ቁጥር «የወንድሜ ቤት ጎስቁሎ ሰው እንዳያየው» ትያለሽ፤ እትዬ ለተም ጭስ መውጫውን ከውስጥም ከውጭም በሚያብረቀርቅ የዘይት ቀለም ያስቀቡታል። ጡብ ከተተወ የጠጣውን ውሃ ፀሐይ ሲያገኝ መልሶ ይተፋል። እኛ ግን በየዓመቱ በፍቅር አፉን ደፈንበት። ውሃው ከላይ ይገባል፤ መውጫ ስለሌለው እዚያው ተቀምጦ ጡቡን ይበላል። ባለፈው ወር ለተዝካሩ የመጣ ሰው ሁሉ እንዴት እንዳማረበት ሲያደንቅ ነበር።

ፈንዲ ጠራሁ፤ እዚህ አገር የእጅ ባለሙያ ሁሉ ፈንዲ ነው። ግቢው መሃል ቆመና ቀና ብሎ አይቶ «ቀለም ያስፈልገዋል» አለኝ። አመስግኜ ሸኘሁትና መሰላል ተውሼ ራሴ ወጣሁ። የአናቱ ሲሚንቶ ተሰነጣጥቋል። ከጣሪያው ጋር የሚያገናኘው ቆርቆሮ ተገልቧል። በጡቦቹ መካከል ያለው ሲሚንቶ በጣት ሲነኩት እንደ እርጥብ ስኳር ይፈርሳል። አንዷን ጡብ ያዝ ባደርጋት እጄ ላይ ቀረች። ሱቅ ውስጥ የማይገዛውን ዕቃ ነክቶ እንደደነገጠ ሰው ወደ ቦታዋ መለስኳት፤ ግራ ቀኝ አይቼ ወረድኩ። ከመንገድ ሆነሽ ስታዪው ጭስ መውጫው ወደ እትዬ ለተ መኝታ ቤት በኩል አንገቱን ሰበር አድርጓል። የአልጋቸው ራስጌ ደግሞ ልክ ከሥሩ ነው።

አልጋውን እናንሳው ብላቸው አሻፈረኝ አሉ። ምክንያቱን አንቺም ሰምተሻል። ከግድግዳው ውስጥ ድምፅ ይመጣል፤ ኮሽ ይላል፣ ዝም ይላል፣ ደግሞ ጠጠር እንደሚረግጥ ሰው ቀስ ብሎ ይወርዳል። እትዬ ለተ ድምፁ የጋሼ ነው ይላሉ። በስልክ ሲነግሩሽ «ታድለሽ! እኔ ዘንድ በሕልሜ እንኳን አልመጣም» ብለሽ አለቀስሽ፤ እሳቸውም አለቀሱ። እኔ መሃላችሁ የሻይ ትሪ ይዤ ቆሜ፣ የሚወርደው የበሰበሰ ሲሚንቶ ነው ልበላችሁ?

በኋላ ግን አልቻልኩምና ነገርኳቸው። ሰምተው ሲያበቁ «አንተ ልጅ፣ መጽሐፍ አንብበህ ልታፈርሰው ነው? እሱም እኮ መጽሐፍ አንብቦ ነው የሠራው!» አሉኝ። ከዚያ ለስለስ ብለው «ወደይ፣ እህቱ አፍርሱት ካላለች አንዲት ጡብ አትነካም» አሉ። በትግርኛ «ልጄ» ማለታቸው ነው፤ እሳቸው ወደይ ሲሉኝ ነገሩ ተቆርጧል ማለት ነው። ባለፈው እሑድ እሳት አነደዱ፤ የወደቀው ፍርስራሽ መንገዱን ዘግቶት ጭሱ ተመልሶ ሳሎኑን ሞላው። ራሳቸውን አመማቸው። ምች ነው ብለው ዳማከሴ አሹ። ከዚያ ወዲህ እንጨቱን ጋራዥ ውስጥ ደብቄ ረጥቧል እያልኩ እዋሻቸዋለሁ።

እማዬ፣ ቤቱ ይፍረስ አላልኩም። ከጣሪያ በላይ ያለው ወርዶ እንደገና ይሠራ፤ ቆብ ይደረግለት፤ ቆርቆሮው ይታሰር፤ ያ የዘይት ቀለም ተፍቆ ኖራ ይቀባ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ ዝናብ ሳይገባ አንድ ሰው ወጥቶ ቢያየው ዕድሜ ልክ ይቆማል። የከበደኝ ሌላ ነው። ሲጠገን ድምፁ ይቆማል። ያን ቀን ጋሼ ከዚህ ቤት ለሁለተኛ ጊዜ ይወጣሉ፤ በሩን የከፈትኩት ደግሞ እኔ እሆናለሁ። ስለዚህ አፍርሱት ብለሽ ብቻ ስልኩን አትዝጊ። ትንሽ ቆዪላቸው፤ ስለ ጋሼ አውሪላቸው። ከአንቺ በቀር ጋሼን በልጅነታቸው የሚያውቅ ሰው የለም።

ይህን ስጽፍልሽ ዋናው ዝናብ ጀመረ። ቢሮዬ ዌስትላንድስ ነው ብዬሽ የለ፤ መንገዱ ሳይዘጋ ብዬ ቀደም ብዬ ገባሁ። ከግድግዳው ውስጥ የሚመጣው ድምፅ አሁን ሳሎን ድረስ ይሰማል። ከገባሁ ጀምሮ የእትዬ ለተ ፊት በርቷል። አሁን ገብቼ ሳያቸው «ዛሬ ብዙ የሚነግረኝ አለው» ብለው አልጋቸውን ይበልጥ ወደ ግድግዳው እያስጠጉ ነበር።

ደብዳቤው እንደደረሰሽ ሳትውዪ ሳታድሪ ደውዪ።

ሮሃን ሳሚልኝ፤ ስለ ሥራዋ ለብቻ እጽፍላታለሁ። ኪሩቤልን ጉንጩን ሳሚልኝ፤ ጣሪያ ላይ እንዳይወጣ ንገሪው። ለጎረቤታችን ለጋሽ ፋኑኤል እጅ እነሳለሁ። እትዬ ለተገብርኤል፣ ስለ ደብዳቤው ባያውቁም፣ ሁሌም እንደሚሉሽ ናፍቀውሻል።

ልጅሽ ሱራፌል
ናይሮቢ፣ ሩንዳ
መጋቢት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.