የሞካሪ ብዛት፦ ሁለት

ሚያዝያ 3

እንደ ወትሮው። ጠዋት ገባሁ፣ መብራት አበራሁ፣ ከአሥራ አንዱ ወንበር አንዱ ላይ ተቀመጥኩ። በሩ ላይ «የሙከራ ክፍል» ይላል። ክፍሉ እኔ ነኝ።

የጌም ማሽን የሚሠራ ድርጅት ውስጥ ጌም ስጫወት እንደምውል የሰማ ሁሉ ይቀናል። እስቲ አንዱ ይምጣና ከአንድ ግድግዳ ጋር አራት መቶ ጊዜ ይጋጭ… ስህተት እየለቀመ፣ ቅጽ እየሞላ። የዛሬው ቅጽ፦ ጀልባው ድልድይ ሥር ሲያልፍ የቀዛፊው አንገት ይጠፋል። የሞካሪ ብዛት፦ ሁለት። ውጤት፦ አንገቱ ይመለስለት እንጂ ሌላው ደህና ነው።

ሁለት… ጌሙ የሁለት ሰው ነው። አንዱ ይቀዝፋል፣ አንዱ መሪ ይይዛል፣ መንገደኛ ጭነው ሐይቁን ያሻግራሉ። ትቀዝፍ የነበረችው ጓደኛዬ ናት። ለሁሉ ነገር ስለምትጣደፍ ችኩሌ ነው የምላት። መስከረም ላይ ጥላኝ ሄደች፣ ለተፎካካሪዎቻችን ልትሠራ። ከዚያ ወዲህ አንዱ ጆይስቲክ በግራ እጄ፣ ሌላው ጭኔ ላይ፣ በቀኝ እጄ። ለአንድ ሳምንት ብዬ ነበር የጀመርኩት። ይኸው ሰባት ወር። ቅጹ ላይ ሁለት እላለሁ… ሁለት እጅ አይደል?

ሚያዝያ 9

ጋሼ መጡ። ጌሙን ያሰቡት፣ የሣሉት፣ አራት ዓመት ያረጁበት እሳቸው ናቸው። እንደ ልማዳቸው በሩ ላይ ቆመው ነው የሚያወሩት። ቦርዱ ግንቦት 12 ጌሙን ያየዋል አሉ። ከወደዱት አዲሱ ማሽን ከእሱ ጋር ገበያ ይወጣል። ካልወደዱት ባዶውን።

ባዶውን ማለት አሥራ አራት ጌም ይዞ፣ አሥራ አራቱም ግን ተፎካካሪዎቻችንም ጋ ያሉ። የእኛ ብቻ የምንለው ይኼ ጀልባ ነው። የሽያጭ ክፍሎቹ ማሽናችን አይሞቅም፣ ድምፅ የለውም፣ ቀላል ነው እያሉ ይፎክራሉ። ጋሼ ሳቁ። «ዝም የሚል ሳጥን ለማዳመጥ ማን ይገዛል?»

ሁለት ሰው ሲጫወተው እንዴት ነው አሉኝ። ሳያስቸግር ይሄዳል አልኳቸው። እውነቴን ነው። ለእኔ ሳያስቸግር ይሄዳል።

ሚያዝያ 16

እረፍት። ሥራ ፈትቼ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ ገባሁ፣ እንደ ገዢ። የእኛ የድሮው ማሽን ታች መደርደሪያ ላይ፣ ከማራዘሚያ ገመድ አጠገብ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ሻጩ አዘነልኝ መሰለኝ።

«እህቴ፣ ተይው እሱን። መጥፎ ሆኖ አይደለም፣ የራሱ የሆነ ጌም የለውም። እሱ ላይ ያለው እዚህኛውም ላይ አለ። እዚህኛው ላይ ያለው ግን እሱ ላይ የለም።»

ደሜ ፈላ። እየመጣ ነው፣ ትንሽ ጠብቅ ልለው… ምን አገባኝ። ደግሞ ምስጢር ነው። ባትሪ ገዝቼ ወጣሁ። ባትሪ የሚበላ ነገር ቤቴ የለም።

ሚያዝያ 17

ችኩሌ ደወለች። አላነሳሁም። ስንተኛ ጊዜዋ ነው? መቁጠር ትቻለሁ።

ውሸት። አሥራ ዘጠነኛ ጊዜዋ ነው።

ግንቦት 5

ትናንትና ከትናንት ወዲያ ከሰው ጋር አላወራሁም። ዛሬ ጠዋት ጥበቃውን ደህና አደሩ ስላቸው ድምፄ ሻክሮ እንደ በር ሲጥ አለ። ጉንፋን ያዘሽ እንዴ አሉኝ። አዎ አልኩ።

ሆድ ይብሰኛል አንዳንዴ። ደህና ነኝ ግን። ጀልባው ላይ የምትሳፈር ዶሮ ያቀፈች አሮጊት አለች። ባሻገርኳት ቁጥር «ተባረኩ ልጆቼ» ትላለች። ልጆቼ። እኔና ማን?

ግንቦት 12

መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ።

የቦርዱ ሰብሳቢ አንዱን ጆይስቲክ ያዙ፣ ምክትላቸው ሌላውን። ሰብሳቢዋ ሴትዮ ይቀዝፋሉ፣ ምክትላቸው ሰውየው መሪ ላይ። ጀልባው ተነሣ፣ ዞረ፣ ዳርቻውን ገጨ፣ አሮጊቷ ከነዶሮዋ ውሃ ውስጥ። ተሳቀ። ድጋሚ። ዞረ፣ ገጨ፣ ውሃ ውስጥ። አሁን የሚስቅ የለም። ቀስ ይበሉ እንጂ ይላሉ ሰውየው፣ እርስዎ ያዙሩት እንጂ ይላሉ ሴትዮዋ። ሃያ ደቂቃ ሙሉ ከዳርቻው ፈቀቅ አላሉም።

ጋሼ ቅጾቼን ከፍ አድርገው አሳዩ። በሁለት ሞካሪ የተረጋገጠ ነው፣ ይኸው ፊርማው አሉ። እኔን አምነው። ሰብሳቢዋ ግን ማሽኑ ያለ ጀልባው ይወጣል ብለው ተነሡ።

አሁን ነው የገባኝ። ቀዘፋው የተቀየረው ኅዳር ላይ ነው። ትንሽ ይፍጠን ባልኩ ቁጥር አፈጠኑት። በእኔ ልክ የተሰፋ ልብስ አደረግነው። ግራ እጄ ቀኝ እጄ የሚያስበውን ያውቃላ። ሁለት ሰው ግን አንዱ የሌላውን ከየት ያውቃል?

ግንቦት 13

ጋሼ ቢሮ ሄድኩ። ቁጭ በይ አሉኝ፣ አልተቀመጥኩም።

«ጋሼ፣ ሁለት አልነበርንም። ብቻዬን ነው የሞከርኩት። ችኩሌ ከሄደች ጀምሮ።»

መነጽራቸውን አወለቁ። ይጮኹብኛል ብዬ ጠበቅኩ። ቢጮኹ በተሻለኝ።

«ስምንት ወር ሙሉ? እኔ እኮ ከዚህ ግድግዳ ወዲህ ነበርኩ። ምናለ አንድ ቀን ይምጡ ብትይኝ?»

ሥራ በዛብኝ ማለት ቀላል ነው፣ ሁሉም ይለዋል። ሰው አጣሁ ማለት ግን… አፌ ላይ ይደርስና ይመለሳል። እዚያው ቆሜ አለቀስኩ።

ተነሥተው ቀድመውኝ ወደ ክፍሌ ሄዱ። የሁለተኛውን ወንበር አቧራ በእጃቸው ጠርገው ተቀመጡ። «በይ ያዢ መሪውን» አሉኝ።

ከዳርቻው አልተነሣንም። ግን በአንድ ከሰዓት ሠላሳ አንድ ስህተት ለቀምን። ጋሼ የሚቀዝፉት እሳት እንደሚያጠፋ ሰው ነው። አሮጊቷን ዘጠኝ ጊዜ አሰመጧት፣ በየጊዜው ይቅርታ ይጠይቋታል። ከመቼ ወዲህ ነው እንዲህ የሳቅኩት?

ግንቦት 18

ጋሼ ጥፋቱ የራሴ ነው ብለው ለቦርዱ ሊጽፉ ነበር። እንቢ አልኩ። መቶ አርባ ሁለት ቅጽ አወጣሁ። በእያንዳንዱ ላይ «ሁለት» የሚለውን ሰርዤ «አንድ» ጻፍኩ፣ ጎኑ ላይ ፈረምኩ። ሰማንያኛው ላይ እጄ ዛለ። ይዛል። ከማመልከቻ ጋር አስገባሁ፦ ጌሙን ሁለት ሰው እየሞከረው እየተስተካከለ ነው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ይዩልን።

ግንቦት 29

መልስ መጣ። ስለ ግልጽነቴ ያመሰግናሉ። ማስጠንቀቂያ ፋይሌ ውስጥ ገብቷል። ውሳኔው አይለወጥም፣ ማሽኑ በያዘው ጌም ይወጣል፣ ጥሩ ማሽን ራሱን ይሸጣል ብለዋል።

አራት ዓመት ውሃ በላው። የጋሼን አራት ዓመት። ይቅርታ ልጠይቃቸው ሄጄ ሻይ ጋብዘውኝ መጣሁ።

ሰኔ 14

ማሽኑ ወጣ። ሱቁ ሄድኩ። ለሦስት ቀን ያህል ላይኛው መደርደሪያ ላይ ነበር አሉ። ዛሬ ታች ነው፣ ገመዶቹ ጋ። ያው ሻጭ ለአንዲት እናት ያንኑ ሲነግራት ሰማሁ። የራሱ የሆነ የለውም… ልክ ነው። ነበረው። እኔ ነኝ ያሳጣሁት። እኔ ብቻ ባልሆንም፣ እኔ ነኝ።

ሰኔ 20

ጌሙ ዛሬ ይዘጋል፣ ዕቃ ግምጃ ቤት ይገባል። ጋሼ ከምሳ በፊት መጡ፣ አሁን በሩ ላይ አይቆሙም። እሳቸው ቀዘፉ፣ እኔ መሪ ያዝኩ። ድልድዩን አለፍን፣ የቀዛፊው አንገት በቦታው ነበር። አንድ ጊዜ ዞርን፣ ቀስ አልን፣ ተጠባበቅን።

ተሻገርን። አሮጊቷ ዶሮዋን አቅፋ ወረደች። ተባረኩ ልጆቼ አለች። ጋሼ ለገዛ ሥዕላቸው አሜን አሉ።

ማንም የማያነበው ቅጽ ሞላሁ። ውጤት፦ ያልፋል። የሞካሪ ብዛት፦ ሁለት።

ማታ እራት ላይ ስልኬ ጮኸ። ችኩሌ። አነሳሁት። በስህተት ያነሳሁት መሰላት።

«አለሽ?» አለች።

«አለሁ። ተቀይሜሽ ነበር። በጣም ናፍቀሽኛል።»

ነገ ከሥራ ስትወጪ በሩ ላይ አገኝሻለሁ አለችና፣ ስንት ሰዓት ሳትል ዘጋችው። መቼስ ችኩሌ ናት።

መልሼ ደወልኩላት።