አርባ አንደኛው ብልቃጥ

ጥቅምት 9፣ ማክሰኞ

ይድረስ ለሊቁ፣

ባሌ ሆይ፣ አስምህ እንዴት አደረገህ? እዚያ ብርዱ አጥንት ይሰብራል አሉ። ካፖርትህን እስከ አንገትህ ቆልፍ፣ ለሰኞ ድምፅህ መዘጋት የለበትም። ሰኞ በትልቁ ጉባኤ ስለ የሌሊት ወፎቹ ተናግረህ እንደምትሸለም ላቦራቶሪው ሁሉ ያወራል። ዘበኛው ሳይቀር "እንኳን ደስ አለዎት" ብሎኛል። አሜን አልኩት።

ቤቱ ደህና ነው። ወንበርህ ላይ ልብስ አሰጣበታለሁ።

በመጽሔት ያወጣኸውን የጥናት ጽሑፍ አራት ጊዜ አነበብኩት። ስሜን ከርዕሱ ሥር ፈለግሁት፣ ከመሃል ፈለግሁት፣ ከምስጋናው ፈለግሁት። መኪና ያዋሰንን መሥሪያ ቤት አመስግነሃል። ሦስት ዓመት ዋሻ ውስጥ ጉልበቴ እስኪላጥ የዳኸሁት፣ ከእያንዳንዷ ወፍ ክንፍ በመርፌ ደም የቀዳሁት እኔ ግን የለሁም። የናሙናውን ሣጥን ይዘህ ወደ ውጭ አገር ስትሄድ በር ላይ ቆመህ "ስምሽ ከስሜ ይቀድማል" ብለኸኝ ነበር። አንጀቴ አረረ። እህቴ "ተይው፣ ለፈጣሪ ስጪው" አለችኝ። ፈጣሪ ሥራ ይበዛበታል፣ ለባሌ እኔው እበቃለሁ አልኳት።

አምስተኛ ጊዜ ሳነበው ግን ሳቄ መጣ።

"በአንዲት የሌሊት ወፍ ደም ውስጥ በዘረመላቸው የተለያዩ ትሪፓኖሶማ የተባሉ ሰባት ዓይነት የደም ተውሳኮች ተገኙ፤ ይህ ከዚህ በፊት ታይቶ አይታወቅም" ትላለህ። እንዴት ብሎ ይታይ? ናሙናው ቁጥር አርባ አንድ ነው። አርባ አንድ የአንዲት ወፍ ደም አይደለም። ሥራ ስንጨርስ ከየመርፌው የተረፈውን ጠብታ አንድ ብልቃጥ ውስጥ አጠራቅም ነበር፣ የዘረመል መመርመሪያ መሣሪያህ ተውሳኮቹን መለየት መቻሉን የምንፈትሽበት። የሃያ ሁለት ወፎች ድብልቅ ነው የያዝከው። እንዲያውም ሰባት አነሰ።

ሁልጊዜ ድብልቁ ላይ ሰማያዊ ክር አስራለሁ። አንተ ይህን ከየት ታውቃለህ? የሌሊት ወፍ ፈርተህ መኪና ውስጥ ሬዲዮ ስትሰማ ነው የኖርከው። ድብልቁ የተመዘገበበትን ደብተሬንም "መሣሪያው ሁሉን ይነግረኛል" ብለህ መደርደሪያ ላይ ጥለኸው ሄድክ። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ማለት ይህ ነው።

እኔ ወደ ዋሻው ተመለስኩ። አንድ ወፍ፣ አንድ ብልቃጥ። በአንዲት ወፍ ውስጥ ያለው ቢበዛ ሁለት ዓይነት ነው። ይህንኑ ጽፌ፣ የደብተሬን ገጽ ፎቶ አያይዤ፣ ያንተን ላወጣው መጽሔት ላክሁ። ትናንት መልስ መጣልኝ። ያንተ ይሰረዛል፣ የኔ ይወጣል። ለአንተ የሚጽፉልህ ከሰኞ በኋላ ነው።

ስልክ ደውዬ ላስጠነቅቅህ እችል ነበር። በፖስታ ያደረግሁት አውቄ ነው፣ ሁለት ሳምንት ይፈጃል። ይህን ስታነብ ሰኞ አልፏል፤ ተናግረሃል፣ ተጨብጭቦልሃል፣ ተሸልመሃል። መሬት ላይ ተቀምጦ የወደቀ ምኑ ይሰበራል? መጀመሪያ ከፍ በል አልኩ።

ስምህን ግን እንደ አንተ አልዘለልኩትም። የኔ ጽሑፍ ምስጋና ውስጥ አለህ። "መኪናችንን ለጠበቁልን" ይላል።

አንድ ነገር ቀረኝ። ያን ቀን አርባ አንድ ላይ ክሩ ለምን እንዳልታሰረ ታስታውሳለህ? ወፏ አውራ ጣቴን የነከሰችኝ ቀን ነው። ጩኸቴን ሰምተህ እየተንቀጠቀጥክ ዋሻው ውስጥ ገባህ፣ ለመጀመሪያም ለመጨረሻም ጊዜ። ሸሚዝህን አውልቀህ እጄን አሰርክልኝ። ክር መቋጠር ስላቃተኝ "አርባ አንድ ብለህ ጻፍበት፣ ድብልቅ ነው" አልኩህ። ቁጥሩን ጻፍክ። ድብልቅ ማለቴን አልሰማህም፤ እጄን ይዘህ እያለቀስክ ነበር።

ይህን ለመጽሔቱ አልነገርኳቸውም። የነሱ ጉዳይ አይደለም።

ሸሚዝህን ደጋግሜ አጠብኩት፣ ደሙ አልለቅ አለ። ልጥለው አውጥቼ ደጅ ደርሼ መለስኩት።

ጤናህን ይስጥህ፣ ብርዱን ያቅልልልህ። መድኃኒትህን ሳትውጥ እንዳትተኛ።

እስከ ዛሬ ሚስትህ