ከእናቱ ሳይለይ ሥር ያወጣ በለስ

ለውድ ወንድሜ ለመዚያን፣

እንደምን ከርመሃል? ጤናህ እንዴት ነው? ያ ወገብህስ ተወህ ወይስ ብርዱ ሲገባ እንደገና ተነሳብህ? ሚስትህ ሳሚያ፣ ልጃችን ሲሊና እንዴት ናቸው? እናታችን የላከችልህን የሱፍ ሹራብ ቁም ሳጥን ውስጥ እንዳልወሸቅከው ተስፋ አደርጋለሁ። እኛ አላህ ይመስገን ደህና ነን። እናታችን ስኳሯ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ዓይኗም ደክሟል፣ ምላሷ ግን እንደ ወትሮው ስለት ነው። ከናፍቆትህ በቀር የጎደለብን የለም።

ይህን ወሬ በስልክ ልነግርህ ስንት ጊዜ አፌ ላይ ደርሶ መለስኩት። በስልክ የሚባክን ወሬ አይደለም። አረፍ ብለህ አንብበው።

አምና የአጎታችን ልጅ በልዒድ የአባታችንን በለስ ሊቆርጠው ነው ብዬ ሳለቅስብህ ምን እንዳልከኝ ታስታውሳለህ? «ተይው እህቴ፣ ከገበያ ሌላ ችግኝ ግዢ» አልከኝ። አንተ ልጅ፣ ያን ቀን ስልኩ የተዘጋው መስመሩ ተቋርጦ አይደለም፤ እኔ ነኝ የዘጋሁት። እንዲያ ያለ ጥቁር በለስ በየትኛው ገበያ ነው የሚሸጠው? አባታችን በሞተበት ሳምንት ምግብ ሁሉ አልወርድ ሲለው ጠይቆ የበላው እሱን ብቻ ነበር። መሬቱ የበልዒድ መሆኑን መች አጣሁት። ዛፉ ግን የእኛ ነው፤ አያታችን በወንድሙ መሬት ላይ በገዛ እጁ ተክሎታል፣ በመንደራችን ወግ ደግሞ ዛፍ የተካዩ ነው። ክፋቱ፣ ዛፉ የወደቀ ቀን መብታችንም አብሮት ይወድቃል። ግንዱ ለሁለት ተሰንጥቆ ስለነበር፣ በልዒድ ለልጁ ቤት ልሥራበት ሲል ሸንጎው «ዘንድሮ ፍሬው ተለቅሞ ይለቅና ቁረጥ» ብሎ ፈረደለት። እንግዲህ የቀረኝ አንድ በጋ ብቻ ሆነ።

ሞኝነቴንም ልንገርህና ሳቅብኝ። ሁለት ክረምት ሙሉ ቅርንጫፍ እየቆረጥኩ አፈር ውስጥ ስሰካ ኖሬአለሁ። የሰው በለስ እንደ አረም ይበቅላል፤ የእኛው ባለጌ ግን ሁለት ቅጠል አሳይቶኝ፣ እልል ካሰኘኝ በኋላ ድርቅ ይላል። ነቅዬ ሳየው ሥር የሚባል ነገር አልነካውም። እንዲህ ስንት አለቀስኩ መሰለህ።

በመጋቢት የበልዒድ ሠራተኞች የድንጋይ ካቡን ሲያፈርሱ፣ ከካቡ ሥር ተጭኖ የኖረ አንድ ዝቅ ያለ ቅርንጫፍ ገንጥለው ጣሉ። እኔ ስደርስ ፀሐይ ጨርሶታል። ሳነሳው ግን ሆዱ ላይ ጢም የመሰለ ሥር አገኘሁበት። ይዤው ወደ ቤት በረርኩ። እናታችን በጣቷ ዳበሰችውና እንዲህ አለችኝ፦ «ይሄ ሥር ያወጣው እናቱ እያጠባችው ነው። አንቺ ጥርስ ያላወጣ ልጅ ከጡት እየነጠቅሽ ነው ‹እንጀራ ብላ› የምትይው።»

መዚያን፣ ጆሮዬ የተከፈተው ያኔ ነው። ግንቦት ሲገባ እንደ አውራ ጣት የወፈሩ ስድስት ቅርንጫፎች መረጥኩ። በአባታችን ቢላ የሁለት ጣት ስፋት ያህል ልጣጭ ዙሪያውን አነሳሁ። ወተቱ እጄን ፈጀኝ፣ እስካሁን ጠባሳ አለብኝ። ከልጣጩ ሥር ያለውን አረንጓዴ ሽፋን ነጩ እንጨት እስኪታይ ፋቅሁት፤ ካልተፋቀ ቁስሉ ይሽርና ነገሩ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ከምንጩ ዳር የለቀምኩትን የድንጋይ ሽበት ከአፈር ጋር በውሃ አርሼ እንደ ሊጥ ጨመቅሁና በቁስሉ ላይ ጠቀለልኩት። በላስቲክ ሸፍኜ ግራና ቀኙን አሰርኩ፣ ብርሃን እንዳያገኘው ደግሞ በላዩ ጥቁር ፌስታል አለበስኩት። ቅርንጫፉ ከግንዱ ውሃ እየጠጣ ይኖራል፤ ከቅጠሉ የሚወርደው ምግብ ግን ቁስሉ ላይ ሲደርስ መንገድ ያጣና እዚያው ሥር ይሆናል። ሌላው ሰው በሰኔ ፍሬ እንዲይዝለት የወንዴ በለስ በክር ሰክቶ ዛፉ ላይ ሲሰቅል፣ የእኔ ዛፍ ጥቁር ፌስታል ለብሶ ቆመ። መንገደኛው ሁሉ ቀና ብሎ እያየ አለፈ።

ሐምሌ ላይ ጉድ መጣ። ወጉን ታውቀዋለህ፤ የሸንጎው ጠሪ «በለስ ተዘግቷል!» ካለ፣ ፍሬው በስሎ እስኪከፈት ድረስ ባለቤቱም ቢሆን ወደ ዛፉ አይጠጋም። ሙቀቱ ደግሞ ድንጋይ ይጠብሳል። ስድስቱ ልጆቼ በውሃ ጥም ሊያልቁ ነው ብዬ፣ ሰው ሁሉ በቀትር ሲተኛ ከጤና ጣቢያው ነርስ በለመንኩት ትልቅ መርፌ ውሃ እየወጋሁላቸው ተመለስኩ። አንዲት ፍሬ አልነካሁም፣ ወላሂ። ሦስተኛው ቀን ላይ ግን የበልዒድ ሚስት አየችኝ።

ዓርብ ከስግደት በኋላ ሸንጎው ፊት ቆምኩልህ። በልዒድ የከሰሰኝ ሕጉን በመጣሴ ብቻ መሰለህ? «የልጄ ቤት እንዳይቆም ዛፉ ላይ ድግምት አስራለች» አለ! «ስድስት ቋጠሮ በጥቁር ፌስታል ቋጥራ፣ በቀትር እየመጣች በመርፌ ትወጋዋለች» አለ። ሲለው እኮ እኔም ራሴን ጠረጠርኩ። የሸንጎው ሽማግሌ ዳ ሉናስ ምንድን ነው የሰቀልሽው ሲለኝ፣ ኑና በዓይናችሁ እዩ አልኩ። አልኩ እንጂ፣ ሥር ያውጣ አያውጣ እኔም አላየሁም። ባዶ ከሆነ ጠንቋይም፣ ሕግ አፍራሽም፣ እብድም ሆኜ መቅረቴ ነው፤ ዛፋችንም አበቃለት።

ግማሽ መንደር ተከትሎን ወረደ። ፌስታሉን ገፈፍኩ፣ ክሩን ፈታሁ። መዚያን ወንድሜ! ነጭ ሥር እንደ ቀጭን ፓስታ እርስ በርሱ ተጠላልፎ፣ ላስቲኩን ሞልቶ መውጫ አጥቷል። ዳ ሉናስ ጎንበስ ብሎ በአንድ ጣቱ ነካው፣ ቀና አለና «ድግምት ይሄ ከሆነ ለእኔም ይደገምልኝ» አለ። ሳቁን ብትሰማው! በልዒድ ጫማውን ያይ ነበር። አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሕግ ሕግ ነውና በተዘጋ ጊዜ በመግባቴ ተቀጣሁ፤ ቅጣቴም በለስ ሲከፈት የመጀመሪያውን ቅርጫት ለሸንጎው ማቅረብ ነበር። ቅርጫቱን ራሴ ላይ አድርጌ እንደ ሙሽራ ነው የሄድኩት።

ከስድስቱ አምስቱ ሥር አወጡ። አንዱ በደንብ ስላልፋቅሁት ቁስሉ ሽሮ ቀረ። ፍሬው ተለቅሞ ሲያልቅ፣ መጥረቢያው ከመምጣቱ በፊት፣ አምስቱን ከቋጠሯቸው በታች ቆርጬ የዘይት ቆርቆሮ ውስጥ ጥላ ሥር አስቀመጥኳቸው። ዛፉ የወደቀ ቀን እናታችን ውሰጂኝ አለችና ወሰድኳት። ግንዱን ዳብሳ «በቃሽ እናቱ፣ አሳድገሻል» አለችው። እኔ ግን አለቀስኩ፣ አልዋሽህም።

የመጀመሪያው ዝናብ ሲጥል ሁለቱን ግቢያችን ተከልኩ፣ አንዱን ለዳ ሉናስ ሰጠሁ። ከዚያ ማን መጣ በለኝ? በልዒድ! ራሱን እያከከ፣ ለልጁ ቤት ደጃፍ አንዲት ብትሰጭኝ አለ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም። እንቢ ልል አፌን ስከፍት እናታችን ቀደመችኝ፤ ስጪው፣ ግን አንቺው በእጅሽ ትከይለት አለች። ነገሩ ገባህ? እሱ ሲገባው በችግኙ ዙሪያ ያለው አፈር በእኔ እግር ተረግጦ አልቋል። እንደገና አፈሩ የእሱ፣ ዛፉ የእኛ!

አምስተኛው እስካሁን ቆርቆሮው ውስጥ ነው። ልተክለው ስል እናታችን ከለከለችኝ። እኔ ከተከልኩት የእኔ ይሆናላ። «አባታችሁ ዛፍ የሌለው ልጅ አልወለደም፤ መጥቶ በእጁ ይትከል» ብላለች። በለስ ቆርቆሮ ውስጥ ብዙ አይቆይም፤ እስከ ጸደይ ብቻ ነው። ሰበብ አልሰማም።

ለሳሚያ የእህትነት ሰላምታዬን አድርስልኝ። ሲሊናን ሁለቱን ጉንጮቿን ሳምልኝ፣ የእናታችንን የሚመስለውን ግንባሯንም። እናታችን ትመርቅሃለች፤ ሹራቡንም ልበስ ብላለች። ከግንዱ ቦታ ቁልቁል የሚታየው ሸለቆ፣ ምንጩም ሳይቀር ሰላም ይሉሃል። የመትከያውን ጉድጓድ ትናንት በአባታችን ዶማ ቆፈርኩት፤ አፍ ከፍቶ የሚጠብቀው የአንተን እጅ ነው።

እህትህ ጁሄር
ታዲርት መንደር፣ ካቢሊያ
ኖቬምበር 14 ቀን 2009