ኮማንደሩ የረሳው ስም

የካቲት 4
ዛሬም ለአያቴ ለአባባ መኳንንት ከእንግሊዝኛው መጽሐፍ ሁለት ገጽ ተረጎምኩላቸው። ዓይናቸው ከደከመ ወዲህ ንባቡ የእኔ ድርሻ ነው። መጽሐፉን የጻፈው እንግሊዛዊው የባሕር ኃይል መኮንን፣ ኮማንደር ሃርግሪቭ፣ ስለ ራሱ ሕይወት ነው። አባባ ምጽዋ ላይ የባሕር ኃይል መርከበኛ ሳሉ አሠልጣኛቸው ነበር። በ1957 ጀልባው ሲገለበጥ ከባሕር ያወጡት አባባ ናቸው... ቤታችን ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም።
“እኔ ጋ አልደረስሽም?” ይሉኛል። ኮማንደሩ ገና ማልታ ደሴት ላይ ነው፤ ሚስት እንኳ አላገባም።
“ምነው ይሄ ሰው ፈጠን ቢል።”

የካቲት 19
ደረስን። ምጽዋ፣ ማዕበሉ፣ የተገለበጠው ጀልባ። ከዚያም፦ “ስሙን የማላስታውሰው አንድ መርከበኛ ጎትቶ አወጣኝ።”
አንድ ቃል አልጨመርኩም። ትርጉም አደራ ነው ብዬ አምናለሁና።
አባባ “በየጠዋቱ በስሜ ይጠራኝ ነበር” አሉ። “ሆስፒታል ተኝቶ እንኳ አስጠርቶኛል።”
“መጽሐፉ ላይ ግን የለም፣ አባባ።”
ማን ጠየቀኝ?

የካቲት 20
“ዛሬ ይቅርብን” አሉ።

መጋቢት 2
በቀብራቸው ዕለት የሚነበበውን የሕይወት ታሪክ በቁማቸው ሊያጽፉኝ ጠሩኝ። ተወለዱ፣ ተማሩ፣ ከዚያ በአንድ ዝላይ ኮልፌ ላይ ቤት ሠሩ።
ባሕሩስ አልኳቸው።
“ማስረጃ የሌለው ነገር አይጻፍም። አንቺው አይደለሽ እንዲህ የምትዪ፣ ሳያት?”
ቁጣ የለበትም። ቁጣ ቢኖርበት ይሻለኝ ነበር። ያሉኝን ጻፍኩ።

ሚያዝያ 11
አባባ ጠዋት አረፉ።

ሚያዝያ 12
የዕድሩ ጸሐፊ የጻፍኩትን አነበቡ። ሃያ ስድስት የባሕር ዓመታት የሉበትም። ሰዉ ይቀጥላል ብሎ ሲጠብቅ አለቀ።
አንድ ሽማግሌ ምርኩዛቸውን ይዘው ቀረቡኝ። አቶ ጽጌማርያም፤ ከአባባ ጋር በአንድ መርከብ ያገለገሉ።
“ምነው ልጄ፣ ባሕሩን የት ጣላችሁበት?”
መጽሐፉ የሚለውን ነገርኳቸው።
“እንግሊዙ ቢረሳ እኔ ረሳሁ? ዓይኔ እያየ ነው መኳንንት ያወጣው። ምነው ብትጠይቂኝ?”
ዓለም ባንክ ሰፈር ነው የሚኖሩት። ከእኛ ከ18 ማዞሪያ በአንድ ሚኒባስ ይደረሳል... አባባም “ጽጌ ያውቃል” ይሉ ነበር፤ ስንት ጊዜ። የታተመውን አመንኩ። አባባ አጠገቤ ተቀምጠው የነገሩኝን ግን ማስረጃ አድርጌ አልቆጠርኩም።
ምስክር ሳያስፈልገኝ፣ አምንዎታለሁ ማለት ነበረብኝ። የካቲት 19፣ እዚያው፣ መጽሐፉን ጭኔ ላይ እንደዘረጋሁ።