አንድ ውርወራ ብቻ

ሚያዝያ 15፣ ወልቂጤ

ጧት የቅርጫት ኳስ ልምምድ። ማሊያዬን አጥቤ አሰጣሁ። ከሰዓት በኋላ ደመና ነበረ፤ አልዘነበም።

የቅጣት ውርወራ ተለማመድን፤ ለእያንዳንዱ ሰው ሁለት ሁለት። እንደ ወትሮው አንደኛውን ሳትሁ፣ ሁለተኛውን አገባሁ። ሁልጊዜ እንዲህ ነው... እግሬ መስመሩን ሲነካ ቅርጫቱ ይርቅብኛል። አንደኛው ከሳተ በኋላ ግን ይቀርብልኛል። ምክንያቱ ምን ይሆን?

አንድ ክፍል አብሮኝ የሚኖረው ሙባሪክ፣ የቡታጅራው ልጅ፣ ከደባት መምጣቴን አንሥቶ ሳቀብኝ። «የደባት ሰው ቅርጫቱን እንኳን እንደምን ዋልክ ሳይለው አያገባም! አንደኛው ለሰላምታ ነው።» ሁሉም ሳቁ። እኔም ሳቅሁ። ለምን ሳቅሁ?

ሚያዝያ 19

አሠልጣኝ በኃይሉ ወረቀት ይዘው መጡ። የምንጫወትበት ውድድር አዘጋጆች ጨዋታውን ለማፍጠን ያሰቧቸው ለውጦች ናቸው። አራተኛ ክፍል ላይ ላቆመ ሰው ረጅም ጽሑፍ ነው፤ ሦስት ጊዜ አነበብሁት። አሠልጣኞች ጨዋታ የሚያስቆሙበት ታይም አውት ይቀነስ። ኳስ ከሜዳ ሲወጣ ሰዓቱ አይቁም። የመጨረሻው ደግሞ... በሁለት የቅጣት ውርወራ ፈንታ አንድ ብቻ ይወርወር። ከገባ ሁለት ነጥብ ይቆጠር፤ ከሳተ ሁለቱም ይቅር።

አንድ ብቻ።

ምክንያታቸውን መካድ አይቻልም። ጨዋታው ይንዛዛል፣ ዝናቡ ይደርሳል፣ የጉብሬ ተመልካቾች ታክሲ እንዳያመልጣቸው አራተኛው ሩብ ሳያልቅ ተነሥተው ይሄዳሉ። ግንቦት 9 ቡታጅራ ላይ ይሞከራል። ከዚያ ጨዋታ በኋላ ክለቡ ለመጪው ዓመት ከአሥራ አራታችን አሥራ ሁለቱን ብቻ ያስፈርማል።

ጉብሬ ላይ ብሎኬት ስሸከም ቁመቴን አይተው ያመጡኝ አሠልጣኙ ናቸው። ከተቀነስሁ ወዴት እሄዳለሁ? ወደ ብሎኬቱ?

ሚያዝያ 23

ስለ ወረቀቱ ስብሰባ። ሦስት ሰዓት ተጀምሮ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል አለቀ። የደጋፊዎቹ ሊቀ መንበር ጋሽ ደበሌ፣ ሁሉም ሰው ሳይናገር ነገር አይቆረጥም አሉ። ሾፌሩ ተናገረ። ምግብ የሚሠሩልን እትዬ ውድነሽም ተናገሩ፤ «ጨዋታው ካጠረ ወጡ አይቀዘቅዝብኝም፣ እደግፋለሁ።» አንዱ ተጫዋች ሰዓቱን ቢያይ ጋሽ ደበሌ ተቆጡ። «ምን ያስቸኩልሃል ልጄ? ስለ ማፍጠን እኮ ነው የምንነጋገረው!»

ተራዬ ደረሰ። «ተመልካቹ... ሁለት ውርወራ ማየት ይወዳል» አልሁ።

«ተመልካቹ ነው ወይስ ሰላምታው?» አለ ሙባሪክ። አዳራሹ በሳቅ ተሞላ። አሠልጣኙ ብቻ አልሳቁም። አለመሳቃቸው ይበልጥ አስፈራኝ።

የሚደግፍ እጁን ያውጣ ሲባል እኔም አወጣሁ። በገዛ እጄ...

ሚያዝያ 25

ሃምሳ ወረወርሁ። እያንዳንዱ ውርወራ እንደ አንደኛ እንዲሆን በየመሃሉ ሜዳውን አንድ ዙር ሮጥሁ። አሥራ ሦስቱ ገቡ።

ሚያዝያ 28

እህቴ ዓለምዘውድ ደወለች። ስልኩን ለአባባ ሰጠችው።

«ኳሱ ቋሚ ሥራ ሆነልህ?»

«ሊሆን ነው፣ አባባ።»

እንዲህ ያልሁት በምን ተማምኜ ነው?

ግንቦት 2

በጨዋታ ጊዜ ነጥብ የምትመዘግበው ሩፋይዳ ደብተሯን አሳየችኝ። ዘንድሮ ሃያ ስድስት ጊዜ መስመሩ ላይ ቆሜአለሁ። ከአንደኞቹ የገቡት ሰባት፣ ከሁለተኞቹ ሃያ ሁለት።

«ሁለተኛው ላይ የተለየ ምን ታደርጋለህ?»

«ምንም። አንዴ ስቻለሁ፤ ከዚያ ወዲያ ምን እፈራለሁ?»

«እንግዲያው ኳሱን ሳይሰጡህ በፊት ሳት።»

አልገባኝም። ተነሥታ ባዶ እጇን ወደ ቅርጫቱ ወረወረች። «ይኸው፣ ሳተ። አሁን ሁለተኛውን ወርውር።»

ቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁ። አልሳቀችም።

ግንቦት 6

በባዶ እጄ እወረውራለሁ፤ መሳቱን በዓይኔ እከተላለሁ፤ ከዚያ ኳሱን እቀበላለሁ። ከሃምሳው ሠላሳ አራቱ ገቡ! ሙባሪክ «ጂን ያዘው እንዴ?» አለ። ይበል።

ግንቦት 9፣ ቡታጅራ ደርሰን ስንመለስ

በአንድ ነጥብ ተሸነፍን። በእኔ ምክንያት።

ሦስት ጊዜ መስመሩ ላይ ቆምሁ። መጀመሪያ ባዶውን ስወረውር ሜዳው በጩኸት ተናወጠ፤ «ረጅሙ! ኳሱን የት ጣልከው?» ኳሱ ግን ገባ። በሁለተኛውም ጊዜ ገባ። በሦስተኛው... አሥራ ስምንት ሰከንድ ቀርቷል፣ በአንድ ነጥብ ተመርተናል፣ ዝናቡ ማካፋት ጀምሯል። እጄን ሳላነሣ ዳኛው ኳሱን አቀበሉኝ። «ቶሎ በል፣ ሕጉ ለማፍጠን ነው» አሉኝ። ደንግጬ ወረወርሁት። ቀለበቱን እንኳን አልነካም።

መኪናው ውስጥ ሙባሪክ እንኳን አልቀለደም። አሠልጣኙ ከፊት ተነሥተው አጠገቤ ተቀመጡ።

«ባዶውን ለምን ተውከው?»

አስተውለውት ኖሯል! «ዳኛው ቶሎ በል አሉኝ።»

«ኳሱን ከተቀበልህ በኋላ አምስት ሰከንድ የአንተ ነው። አዲሱ ሐሳብም አልነካውም። እጅህ ካልተመቸው በልብህ ወርውረው። ጊዜህን ለምን ሰጠሃቸው?»

እስከ ወልቂጤ መስኮቱን እያየሁ አምስት ቆጠርሁ። ደግሞ አምስት። አምስት ሰከንድ ለካ ይህን ያህል ረጅም ነው?

ግንቦት 14

የአሥራ ሁለቱ ዝርዝር ተለጠፈ። ከታች ወደ ላይ ማንበብ ጀመርሁ። የመጨረሻው ስም... ይድነቃቸው። የእኔ ነው? ጣቴን አስደግፌ እንደገና አነበብሁት። የእኔ ነው።

አባባ ዘንድ ደወልሁ። «ቋሚ አይደለም፣ አባባ። ያን ቀን እውነቱን አልነገርሁህም። የአንድ ዓመት ነው።»

«አንድ ዓመትም ብዙ ቀን አለው» አለ።

ግንቦት 20

የሙከራው ውጤት መጣ። ታይም አውት ይቀነሳል፤ ሰዓቱም አይቆምም። የውርወራው ለውጥ ግን ቀርቷል። እንደ ቀድሞው ሁለት ይወረወራል። ጋሽ ደበሌ ስለዚህም ስብሰባ ጠርተዋል።

ከሰዓት በኋላ ልምምድ። ኳሱን ይዤ፣ እጄን ሳላንቀሳቅስ፣ ባዶውን በልቤ ወረወርሁ። በልቤ ሳተ። ከዚያ አንደኛውን ኳስ ለቀቅሁ፤ ገባ! ሁሉም ጮኹ።

ሁለተኛውን ኳስ ተቀብዬ ቆምሁ። ምን እንደማደርገው አላወቅሁም። ወረወርሁት፤ ሳተ። ሌላ ዙር... ገባ፣ ሳተ። ሌላ ዙር... ገባ፣ ሳተ።

ሙባሪክ ሜዳው ላይ ተዘርግቶ ሳቀ። «ወላሂ፣ አሁን ደግሞ ስንብቱ ረዘመበት!»

እኔም ሳቅሁ። ዛሬ ለምን ሳቅሁ ብዬ ራሴን አልጠየቅሁም።

ነገ ከሁሉም ቀድሜ ወርጄ ሁለተኛውን ብቻ እለማመዳለሁ። ሁለተኛውን ብቻ... ይቻላል?