ከዝርያነት ስለወረደችው የረግረጋችን እንቁራሪት

መጋቢት ዘጠኝ ቀን፤ ከጠዋት ጀምሮ ያካፋል። በስብሰባው የተገኙት፦ እርስዎ፣ ስምንት ባለሙያዎች፣ በረግረጉ ላይ የመኪና ማቆሚያ የሚሠራው ኮንትራክተር፣ እንዲሁም ሻይ ይዤ በር ላይ የቆምኩት እኔ፣ የናሙና ክፍሉ ጽዳት ሠራተኛ።

ለተከበሩ የሙዚየማችን የእንስሳት ምደባ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንዴት ሰነበተ እላለሁ፤ በተለይ ዓይንዎና ጆሮዎ ደህና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ።

ከቤቴ ጀርባ ባለው ረግረግ የምትኖረውን ሆደ ቢጫ እንቁራሪት ካሳየሁዎት ሁለት ዓመት ሆነ። ያን ቀን ጭቃው መሃል ቆመው «እህቴ፣ ይቺ ራሷን የቻለች ዝርያ ናት፤ ማንም አይነካብሽም» አሉኝ። አምኜዎት የአሥራ አንድ ዓመት ማስታወሻዬን ሰጠሁዎት። ዛሬ ግን የተራዋ እንቁራሪት ንዑስ ዝርያ ናት ብለው ፈረሙ። የጥበቃ ደንቡ ዝርያን እንጂ ንዑስ ዝርያን ስለማያውቅ፣ ረግረጉ ሰኞ በአፈር ይደፈናል። ስለዚህ በታላቅ ትሕትና፦

፩. «የቀለም ልዩነት የላቸውም» ስላሉ አመሰግናለሁ። ያዩት በአልኮል ብልቃጥ ውስጥ ያሉትን ነው። አልኮሉ ሲጎድል የምሞላው እኔ ነኝና፣ የኛዋ ቢጫም የተራዋ አረንጓዴም ከጥቂት ወራት በኋላ የነተበ ጨርቅ እንደሚመስል ቢጠይቁኝ በነገርኩዎት ነበር።

፪. ሁለቱ እንቁራሪቶች የሚኖሩት አንድ ረግረግ ውስጥ ነው። ተራዋ እንቁላሏን ውሃ ውስጥ፣ የኛዋ ቅጠል ላይ ትጥላለች፤ ወንዶቹ ጎን ለጎን ሲጮሁ እያንዳንዷ የራሷን ለይታ ትሄዳለች። በአሥራ አንድ ዓመት አንድም ቀን ተሳስተው ሲጋቡ አላየሁም፤ እነሱ ያልተሳሳቱትን እርስዎ በግማሽ ሰዓት ተሳሳቱ። ንዑስ ዝርያዎች አንድ ስፍራ ሲገናኙ እንደሚዳቀሉ፣ አብረው እየኖሩ የማይዳቀሉት ግን ሁለት ዝርያ እንደሆኑ የተማርኩት ከቢሮዎ የቆሻሻ ቅርጫት ካነሳሁት ወረቀት ነው። የጻፉት እርስዎ ነዎት። ለምን እንደጣሉት ዛሬ ገባኝ።

፫. ኮንትራክተሩ «ለእንቁራሪት ይሄ ሁሉ ስብሰባ!» ብሎ ሲስቅ አብረው ሳቁ። ቁጥር የሚሰጠው ቅሬታ ላይሆን ይችላል፤ ያመመኝ ግን እሱ ነው።

ሳይንስን ከተጣለ ወረቀት እየለቀምኩ፣ እርስዎን ሳያውቁት አስተማሪዬ አድርጌ የኖርኩ፣ የብልቃጦችዎ ወልዋይ፣ በጥልቅ አክብሮት እጅ ነስቼ እሰናበታለሁ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ መጋቢት አሥር፣ ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የልብስ ማጠቢያ ሳፋዬን ይዤ ረግረጉ ገባሁ። እንቁላል ያለባቸውን ዘጠኝ ቅጠሎች ከነቅርንጫፋቸው ቆርጬ፣ ከእህቴ ቤት በታች ወዳለው ኩሬ ወሰድኳቸው። ይትረፉ አይትረፉ አላውቅም። ዝርያ ቢሆኑ ኖሮ ያለ ፈቃድ መንካታቸው ያስቀጣኝ ነበር፤ ስላወረዱልኝ ምስጋናዬ ከልብ ነው።